በቅርጫ የተከፈለች መኪና

ወይፈን በቅርጫ ሲከፈል ያላየ የአገሬ ሰው የለም። መኪና በቅርጫ ሲከፈል ያየ ግን፣ ገዳሪፍ ከነበረው ከእኛ ግቢ ሰው በቀር ያለ አይመስለኝም። መዳቢዋ እኔ ነበርኩ። ሰው እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ ሳቅ በቅርጫ አይከፈልም፣ ሁሉም የቻለውን ያህል ይውሰድ። ፍርዴን ግን አልሽርም።

ነገሬን ከመኪናዋ ሳይሆን ከታናሽ እህቴ ከጥሩዬ ልጀምር። ልጆች ሳለን እናታችን ቆሎ ስታካፍለን፣ ጥሩዬ የራሷን መዳፍ አይታ አታውቅም። የምታየው የእኔን ነው። አየት ታደርግና "ያንቺ ይበልጣል" ትላለች። እሺ ብዬ እለውጥላታለሁ። የለወጥኩላትን ይዛ አሁንም የእኔን ታያለች፤ "ያንቺ ይበልጣል።" እናታችን ሲሰለቻት "ትልቋ ትክፈል፣ ትንሿ ትምረጥ" ብላ ፈረደች። እንግዲህ አስቡት! መራጯ እሷ ከሆነች እኔ ቅንጣት ታህል ማበላለጥ የምችለው በየት በኩል ነው? ዳቦ በክር እየለካሁ፣ ሽምብራ እየቆጠርኩ አደግሁ። ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ነው፤ እኩል መክፈልን ግን ከጥሩዬ ዘንድ እስከ መጨረሻው ተምሬያለሁ። እሷ መርጣ ካነሳች በኋላም "ያንቺ ይበልጣል" ማለቷን አልተወችም።

ኋላ ትዳር ለያየን። እሷ አገር ቤት ቀረች፤ እኔ ባሌን ተከትዬ በሁመራ በኩል ተሻገርኩና ገዳሪፍ ከተምኩ። ባሌ ሲሞት ከልጄ ከአስካለና ከባሏ ከይርጋ ጋር መኖር ጀመርኩ። ሱዳኖች አያትን "ሐቡባ" ነው የሚሉት፤ እኔም ለወለድኩትም ላልወለድኩትም ሐቡባ ሆንኩ።

ግቢው የሸኽ ኑሩ ነበር። ሸኽ ኑሩ የጎንደር እስላም ናቸው፤ ከሁላችንም ቀድመው ገብተው በመንገዱ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍተዋል። በግራ በኩል ለተብርሃን የምትባል የትግራይ ልጅ ልብስ ትሰፋለች፤ መርፌዋም ምላሷም ይወጋል። በቀኝ በኩል ዓም ዑስማን አለ። ዓም ማለት አጎት ማለት ነው። የአገሩ ተወላጅ ነው፤ አንገሬብ የሚሉትን የገመድ አልጋ ሲታታ ውሎ፣ ማታ በታታው ላይ ይተኛል። ከእኛ ጋር ብዙ ከመኖሩ የተነሳ አማርኛ ይናገራል፤ ሲናደድ ብቻ ወደ ዓረብኛው ይመለሳል።

ጊዜው የሰባ ሰባት ክፉ ቀን ነው። ዝናቡ በእኛም በሱዳኖቹም ላይ ጨክኗል። ከአገር ቤት ሰው ይጎርፋል። ማሽላ ገበያ ሲወጣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ነው። ይርጋ በባሱንዳ በኩል በአንድ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ይነዳ ነበር። ሰሊጡ ሳይበቅል ቀረና እርሻው ተዘጋ። ባለቤቱ ይርጋን ሲያሰናብተው፣ ዳስ ሥር ዶሮ ያድርባት የነበረች አሮጌ መኪናውን መረቀለት።

ይርጋ በግመል አስጎትቶ አመጣት። ቀይ ናት። ቀለሟ እዚህም እዚያም ተላልጦ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት የተገረፈ ወይፈን ትመስላለች።

"ይርጋ፣ ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

"የስፖርት መኪና ናት፣ እማማ።"

"የቀሩት ወንበሮቿስ?"

"ያላት ሁለት ነው። አሠራሯ ነው።"

"ጣሪያዋስ?"

"አሠራሯ ነው።"

"ሆዷስ እንዲህ መሬት የሚልሰው?"

"እሱም አሠራሯ ነው።"

"እንግዲያው የሠራት ሰውዬ ዘመድ የለውም" አልኩት። ዘመድ ያለው ሰው ሁለት ወንበር ያላት መኪና ይሠራል? እናቱን ጭኖ ሚስቱን ሊተዋት ነው? ሚስቱን ጭኖ እናቱን?

"ስትጠገን ንፋስ ናት" አለ ይርጋ፣ ጎኗን እየደባበሰ።

ግመሉ ዞር ብሎ አያትና አፉን አላመጠ።

ይርጋ በማግስቱ መፍታት ጀመረ። መፍታት ላይ ማንም አይደርስበትም። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ እያለ በጣልያን ቃል እየቀደሰ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ያቺን መኪና ሰሌን ላይ ዘረጋት። ይኼ ሁሉ ሲሆን የግቢው ሰው ዝም ብሎ አላየም። ሸኽ ኑሩ ቦታና ብረት ማጠቢያ ላምባ ሰጡ። ለተብርሃን ዶሮዎቹ ያበላሹትን ወንበሮች በድንኳን ሸራ አለበሰች። ዓም ዑስማን ፀሐዩ ብረቱን እንዳያግለው በእንጨትና በገመድ ጥላ ሠራ። ልጄ አስካለ ትዕግሥቷን ሰጠች፤ ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው። ከዚያ ይርጋ "ጓርኒሲዮን የምትባል ስስ ነገር ከፖርት ሱዳን እስክትመጣ መግጠም አይቻልም" አለና ቁጭ አለ።

ዝም ብሎ ቁጭ ቢል መልካም ነበር። አንድ ቀን ግን በሁሉም ፊት "ተገጥማ ስትነሳ አንድ ሰው ከጎኔ አስቀምጬ ገበያውን እዞራለሁ" አለ።

አንድ ሰው!

"መቼም ቦታ የሰጠ ሰው በእግሩ አይሄድም" አሉ ሸኽ ኑሩ፣ የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ።

"ወንበሩን ያለበስኩት እኔ ነኝ" አለች ለተብርሃን። "ሌላ ሰው ከተቀመጠበት፣ ውስጡ አንድ መርፌ ትቻለሁ።"

"እኔ ጥላ ባልሰጣት እንደ ቋንጣ ትደርቅ ነበር" አለ ዓም ዑስማን።

"ባለቤቷ እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለ ይርጋ።

ማንም አልሰማውም።

ጭቅጭቁ በየቀኑ ይበስላል። በዚያ ላይ ከሰሌኑ ላይ ብረት ይጎድል ጀመር። አንዷን ቡሎን ዶሮ ይዛት ስትሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ እንዳለን ፋሲካ ደረሰ። ያን ዓመት ሁዳዴ መቼ እንደገባ ሆዳችን አላወቀም፤ ሳይታወጅም ስንጾም የከረምን ነን። ወይፈን ቀርቶ የወይፈን ቀንድ ያየ የለም። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ከቤት ስወጣ ያቺ ቀይ መኪና በሰሌኑ ላይ ተዘርግታለች። ቆዳዋ ወዲያ፣ ጎድኗ ወዲህ፣ አንጀቷ ተጠቅልሎ፣ አራቱ ፒስተኖች እንደ ኩላሊት ተደርድረው። ልቤ ምን አለኝ? "ታርዳለች፣ የቀረው መክፈሉ ነው" አለኝ።

ሁሉንም ጠራኋቸው።

"ስሙ፣ በቅርጫ እንከፍላታለን። እያንዳንዱ ድርሻውን ቤቱ ወስዶ ይጠብቅ። ጓርኒሲዮኑ ሲመጣ ሁሉም አምጥቶ ይገጠማል። ያኔ የሁላችንም ናት።"

ለተብርሃን አጨበጨበች። ሸኽ ኑሩ ግን ጺማቸውን ያዙ። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዱ የባረከውን ሥጋ ሌላው አይበላም፣ ክርስቲያንና እስላም አንድ ቅርጫ አይገባም።

"እትዬ፣ በዕድሜዬ ከክርስቲያን ጋር ቅርጫ ገብቼ አላውቅም" አሉ። "ይቺን ማን ባርኮ አረዳት?"

"ብረት ናት፣ ሸኽ ኑሩ። አንቱ ደግሞ! ብረት ደም አለው?"

በጣታቸው ከሞተሩ ሥር የተንጠባጠበውን ጠቆም አደረጉ። "ይኼስ?"

"ዘይት ነው።"

ጎንበስ ብለው አሸተቱት። "ዘይትስ ዘይት ነው" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "በሉ ቢስሚላሂ።" እኔም በስመ አብ ብዬ ጀመርኩ። በዚያ ፋሲካ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቅርጫ ገባን።

የቅርጫን ሕግ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ እየተረሳ ነው። ጉበቱን ለአንዱ፣ ሽንጡን ለሌላው መስጠት ቅርጫ አይባልም፤ ዝርፊያ ይባላል። በእያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ብልት ጥቂት ጥቂት ይገባል። እግዜር ሲረዳኝ ጎማው አራት ነው፣ ፒስተኑ አራት ነው፣ ካንዴላው አራት ነው። ለአራት ቤት አንዳንድ።

"እማማ፣ ፒስተኖቹ አይለያዩ!" አለ ይርጋ።

"ጉበት ሁሉ በአንድ መደብ ሲከመር አይተህ ታውቃለህ?"

"ይኼ እኮ ጉበት አይደለም፣ ልቧ ነው!"

"ልብማ ይባስ።"

መሪው ላይ ስንደርስ ቸገረን። መሪ አንድ ነው። ለተብርሃን "በመጋዝ ለአራት ይቆረጥ" ብላ ሐሳብ ስታቀርብ ይርጋ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም መሪውን ላንዱ መደብ፣ ሁለቱን ወንበሮች ላንዱ፣ የሞተሩን ክዳንና ራዲያተሩን ላንዱ፣ ላስቲኩን ሲጨምቁት የሚጮኸውን ክላክስ ከመስታወቷ ጋር ላንዱ አደረግሁ። ትልቁ አካሏና የሞተሩ ግንድ እንደ ቆዳና ጭንቅላት ሳይከፈሉ በጋራ ቀሩ። በመጨረሻ አውራ ጣት የምታህል አንዲት ጠማማ ብረት ተረፈች። ይርጋም ምን እንደሆነች አላወቃትም፤ አቻም አላገኘሁላትም። "የማንም ያልሆነ መዳቢው ዘንድ ይደር" ብዬ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት።

ለዕጣ ሸኽ ኑሩ የተምር ፍሬ፣ ለተብርሃን ቁልፍ፣ ዓም ዑስማን የገመድ ቋጠሮ፣ ይርጋ ዳዶ አወጡ። ማን ምን እንዳወጣ ያላየ፣ አህያ እየነዳ በደጅ የሚያልፍ ውኃ ሻጭ ጠርተን ጣል ጣል አደረገልን። ወንበሮቹ ለሸኽ ኑሩ፣ ክዳንና ራዲያተሩ ለለተብርሃን ወጡ። መሪው፣ ከአህያ በቀር ምንም ነድቶ ለማያውቀው ለዓም ዑስማን ወጣ። ለይርጋ ክላክሱ ደረሰው።

"ቢያንስ መጮህ ትችላለህ" አለችው ለተብርሃን።

ግቢያችን ሰላም ሆነ። ሰላም ሲበዛ ግን ሰው ይለምዳል። ሸኽ ኑሩ ወንበሮቹን ሱቃቸው ውስጥ አስቀምጠው የተከበረ ደንበኛ ያሳርፉባቸው ጀመር። ከሚዛናቸው አንዱ ድንጋይ ጠፍቶባቸው ነበርና ፒስተናቸውን በቦታው አስገቡ። ለተብርሃን የሞተሩን ክዳን ፀሐይ ላይ እያጋለች ያለ ከሰል ልብስ ትተኩስበታለች። ዓም ዑስማን መሪውን በእንጨት ላይ ሰክቶ ገመድ ይጠቀልልበታል፤ "እንዲህ ያለ የገመድ መጠቅለያ እንግሊዝም የለው" ይላል። ይርጋ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ክላክሱን ጨመቅ ያደርጋል፤ እሱም ክላክሱም አንድ ላይ ይተነፍሳሉ። ጓርኒሲዮኗ መጣች። ድርሻውን የመለሰ ግን የለም። ይርጋ ሲጠይቃቸው "ሐቡባ ነች የፈረደችው፣ በዕጣ የወጣልኝ ነው" ይሉታል። ወደ እኔ ሲመጣ እኔም "እውነታቸውን ነው" እለዋለሁ። ምን ልበል? ሕግ ሕግ ነው።

በግንቦት መጨረሻ እህል የሚያመላልስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ስሜን እየጠራ መጣ።

"እናቴ፣ ጥሩዬ የምትባል ሴት ታውቂያለሽ? ወድ ኤል ሒለው የስደተኛው ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ነች። እግሯ አብጦ መቆም አቅቷታል። ገዳሪፍ እህት አለችኝ እያለች ያለፈውን ሁሉ ትጠይቃለች።"

"ለምን አልጫንካትም?"

"እኛ እህል ብቻ ነው የምንጭን። ሰው ቢገኝብን መኪናውን ይይዙብናል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዝናብ ሳይገባ ሰውን ሁሉ ወደ ሩቅ ሊያዘዋውሩት ነው አሉ። አንዱ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ነው ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል። ትሄጂ እንደሆን ዛሬ ነገ አትበዪ።"

ወደ ሰማዩ አየሁ። ዓመቱን ሙሉ የለመንነው ደመና በምሥራቅ በኩል ጠቁሮ ቆሟል። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይውጣል። አንዴ ከራሰ መንገዱ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ዝግ ነው። እስከዚያ ጥሩዬን የት ወስደዋት፣ በየትኛው ድንኳን፣ በሕይወት ይሁን ወይ…። ለዝናቡ የጸለይኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ "ጥቂት ቆይ" ልለው ነው።

በቀጥታ ወደ ዓም ዑስማን ሄድኩ።

"መሪውን ስጠኝ።"

"ያ ሐቡባ፣ መሪው የወጣው ለእኔ ነው።"

"እህቴ ወድ ኤል ሒለው ነች። እግሯ አልቆም ብሏታል።"

ገመዱን ከመሪው ላይ መፍታት ጀመረ። ፈትቶ ሲጨርስ ግን ደረቱ ላይ አቀፈው። "እሰጣለሁ። ግን ድርሻዬ ያለ እኔ አይሄድም። ባመጣሽው ሕግ።"

ለተብርሃንም ክዳኑ ላይ የነበረውን ሱሪ አንስታ "ራዲያተሬ ባለበት አለሁ" አለች። ሸኽ ኑሩ ዘንድ ስገባ ሱቁ ሞልቷል። ፒስተኑን ከሚዛኑ ላይ ሲያነሱት ሴቶቹ ጮኹ።

"ሸኽ ኑሩ፣ በእሱ ነው የምንፈልገው! ማሽላ በፒስተን ይመዘንልን!"

ጠረጠርኩ። የጎረቤት ባለሱቅ ድንጋይ አስመጥቼ ከፒስተኑ ጋር አመዛዘንኩ። ፒስተኑ ከበደ። ሸኽ ኑሩ ያን ሁሉ ጊዜ ለሕዝቡ እያስበለጡ ሲሰጡ ከርመዋል። ሳያውቁት ሲጸድቁ ከረሙ ማለት ነው። ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ሚዛኑን አዩ፣ የተሰለፉትን ሴቶች አዩ። ከደጅ ድንጋይ ሲለቃቅሙ ቆይተው፣ ከፒስተኑ እኩል የሚመዝን ሲያገኙ በቦታው አኖሩት። ሱቁን ለአስካለ አደራ ሰጡና ሁለቱን ወንበሮች ተሸክመው ወጡ። "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። "ወንበሬ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ልይ።"

ይርጋ ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ በግቢው ውስጥ ጌታ ሆነ። ትራክተር የለመደ እጅ ስለሆነ ያጠበቀውን እንደገና ያጠብቃል። ሆዷ መሬት እንዳይልስ ከሞተ ፒክአፕ የተፈታ ባሌስትራ የሚሉትን ተጣጣፊ ብረት ሥሯ አስገብቶ ከፍ አደረጋት፤ አሁን ጎንበስ ብላ ውኃ የምትቀዳ ሴት መሰለች። ወንበር አልበቃንም። ዓም ዑስማን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫዋን ክዳን አስነቅሎ በቦታው አንገሬብ ታታበት። ከፊት ስፖርት፣ ከኋላ መኝታ ቤት። ጠማማዋን ብረት ከነጠላዬ ፈትቼ ለይርጋ አሳየሁት።

"ያለ እሷም ትሄዳለች" አለኝ፣ ሳያያት።

ቋጠርኳት።

ሄደች! እግዜር ምስክሬ ነው፣ ሄደች። ድምፅዋ የትራክተር፣ ፍጥነቷ የቅድሙ ግመል ነው። ይርጋ መሪውን ይዟል፤ ከጎኑ እኔ ነኝ። አንገሬቡ ላይ ሸኽ ኑሩ፣ ለተብርሃንና ዓም ዑስማን እንደ ሦስት ሙሽሮች ተደርድረዋል። ዓም ዑስማን ዓይኑን ከመሪው ላይ አያነሳም፤ ይርጋ ባዞረው ቁጥር "ቀስ! የሰው ንብረት ነው" ይላል። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ራዲያተሩ ፈላ። ውኃ የያዝነው ለየራሳችን በየጀሪካናችን ነው። ለተብርሃን "ራዲያተሩ የእኔ፣ ጥማቱም የእኔ" ብላ የራሷን ልትደፋ ስትል ጮኽኩባት። ከሁሉም አንዳንድ ጣሳ እኩል አስደፋሁ። መኪናዋ ከጠጣች በኋላ ደህና ሄደች።

ወድ ኤል ሒለው ስንደርስ ሰው በሰው ላይ ነው። ከሣርና ከጆንያ በተሠራ ጥላ ሥር ሁሉ ሰው ተኝቷል። ስሟን እየጠራሁ ስሄድ አልፌያት ኖሯል። "አለሁ" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞርኩ። ዓይኗ ባይሆን ኖሮ አላውቃትም ነበር። እህቴ በእጄ ላይ ምንም አልከበደችም። ተቃቀፍን፣ ምን እንዳልን አላስታውስም።

እንደ ተቀመጥን ገንፎ በጭልፋ እየጨለፉ የሚያድሉ ሰዎች መጡ። ለጥሩዬ አንድ ጭልፋ። አጠገቧ ላለችው ሴት አንድ ጭልፋና ትርፍ፤ ጭልፋው ሞልቶ ነበር። እኔ አየሁ። ጥሩዬ ግን ጎረቤቷን አላየችም።

"ጥሩዬ" አልኳት፣ "የእሷ ይበልጣል።"

"ትብላው" አለች።

ይኼን ስሰማ ነው የፈራሁ። እግሯ ማበጡን አይቼ አልፈራሁም፣ ክንዷን አይቼ አልፈራሁም። "ትብላው" ስትል ፈራሁ።

የሰፈሩ ዘበኛ መኪናችንን አይቶ እስኪያስለው ሳቀ። ሳቁ ፈቃድ ሆነን። ጥሩዬን በእኔ ወንበር አስቀመጥናት። ሸኽ ኑሩ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አዩ፤ ጋቢያቸውንም አነጠፉላት። እኔ አንገሬቡ ላይ ወጣሁ፤ አራት ሆንን። ጥቂት እንደሄድን የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች።

ዝናቡ ሲወርድ ደስታ ነው፤ ሱዳኑም አበሻውም ሁሉ ደጅ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ያመሰግናል። እኛም አመሰገንን። አመስግነን ሳንጨርስ መኪናዋ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች። ይርጋ መሪውን ይዞ ቀረ፣ ጥሩዬ ከወንበሯ አልወረደችም፣ እኛ አራታችን ወረድን። ማንም ሳያዘን እያንዳንዳችን ወደየጎማችን ሄድን። ሸኽ ኑሩ ወደ ራሳቸው፣ ዓም ዑስማን ወደ ራሱ፣ ለተብርሃን ወደ ራሷ፣ እኔም ወደ እኛ ቤት ጎማ። ጭቃው እስከ ጉልበታችን ነው። ስንገፋ የለተብርሃን ጎማ ቀድሞ ወጣ።

"የእኔ ወጥቷል!" አለችና ወገቧን ይዛ ቀና አለች። "የቀረው የሸኽ ኑሩ ነው።"

"እሰይ" አልኳት። "በይ ጎማሽን ይዘሽ ግቢ። እኛ እንደርሳለን።"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ሳቅ ይዟት፣ እያንሸራተታት ወደ ሸኽ ኑሩ ጎማ ሄደች። እሷ ስትሄድ የእሷ ተመልሶ ሰጠመ። እሱን ስናወጣ የዑስማን ሰጠመ። ያን ዕለት እኔ የአራቱንም ጎማ ገፋሁ፣ ሁሉም የአራቱንም ገፋ። ማን የማንን እንደገፋ ፈጣሪ ይወቀው፤ በጭቃ ተለውሰን ፊታችንም አይለይም። ይርጋ ዞር ብሎ "ንፋስ ናት አላልኳችሁም?" ሲል አንድ እፍኝ ጭቃ ወረወርኩበት። ጥሩዬን አየኋት። አልሳቀችም። ወደ ፊት ብቻ ታያለች።

ቤት ገባን፣ መንገዱም ከኋላችን ተዘጋ። የጥሩዬ እግር በለብታ ውኃና በጨው እየተነከረ ጎደለ። የሰጠኋትን ትበላለች። እህል ቀርቦ የእኔን ሳታይ የራሷን ትበላለች። እኔም በዕድሜዬ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ አበላለጥኩ። ከአንድ ድስት አውጥቼ የእኔን ከመር፣ የእሷን ጎደል አድርጌ ፊቷ አስቀመጥኩ። አስካለ ዓይኗን ማመን አቃታት። "እናቴ፣ ምን ነካሽ?" አለችኝ። "ዝም በይ" አልኳት። ጥሩዬ ጎደሎዋን በላች፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች፣ ተጋደመች። እኔ የተከመረውን መልሼ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት።

ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ይርጋ መኪናዋን ፈታ። መስከረም እስኪጠባ አትነሳም፣ ደጅ ከዋለች ደግሞ ዝገትና ዶሮ ይካፈሏታል። ስለዚህ ቅርጫው ጸና። ጥሩዬ ዓም ዑስማን በታታላት አንገሬብ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ሸኽ ኑሩ ወንበራቸውን ተሸክመው አለፉ። ዓም ዑስማን መሪውን አቅፎ አለፈ። ለተብርሃን ክዳኑን እንደ ጃንጥላ ራሷ ላይ ደፍታ አለፈች።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለች ጥሩዬ። ሳትጠየቅ ስትናገር መስማቴ ነው።

"ድርሻቸውን እየወሰዱ ነው። ቅርጫ ነው።"

"መኪናውን?"

"መኪናውን።"

እኔ የቤታችንን ክላክስ ልጠርግ ይዤ ነበር። ድንገት ጠማማዋ ብረት ትዝ አለችኝ። ነጠላዬን ፈትቼ አወጣኋትና መዳፏ ላይ አኖርኳት።

"ይቺ ደግሞ ያንቺ ናት። ከመጀመሪያውም የማንም አልነበረችም፤ ስትጠብቅሽ ነው የከረመች። ይኸው ባለ ድርሻ ነሽ።"

አላየቻትም። ጣቶቿን አጠፈችባት። ከዚያ ቀስ ብላ አንገቷን አዞረችና የእኔን እጅ አየች። ክላክሱን፣ ነሐስ አፉን፣ ላስቲኩን፣ ሁሉንም አየች።

"ያንቺ ይበልጣል" አለች።

ምን እንደሆንኩ አልነግራችሁም። ክላክሱን ሰጠኋት፣ ጠማማዋን ብረት ተቀበልኳት። ክላክሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንዴ ጨመቅ አደረገችው፤ ይርጋ ከመኪናዋ ሥር ደንግጦ ጭንቅላቱን ገጨ። እሷ ግን መዳፌ ላይ ያለችውን ብረት ታያለች።

"አሁንም ያንቺ ይበልጣል።"

ቀኑን ሙሉ ስንለዋወጥ ዋልን።